የግራ አውራ ጣት

ሉማሜ ገበያ፣ ከሾላው ጥላ ሥር፣
ጸሐፊ ነበርሁኝ፣ ለጣሊያን የማድር፤
ቀለም ከጥላሸት፣ ከሙጫ በጥብጬ፣
በወር ሠላሳ ሊሬ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ።

«ለሮማ አድሬያለሁ፣ ብከዳ ልሰቀል!»
አስተርጓሚው ሲጮህ፣ ሰው ተከትሎ ሲል፣
ልጁ የታሰረበት፣ እህል ያለቀበት፣
ጣቱን ቀለም ነክሮ፣ ይመለሳል ወደ ቤት።

አንሙት ይርሳው መጣ፣ ምንሽሩን አንግቶ፤
የግራ አውራ ጣቱን፣ ሰጠን ቀኙን ትቶ።
አየሁ። አልተናገርሁም። የዚያን ዕለት ዝምታ
ከጻፍሁት ሁሉ ይልቅ፣ ይቆጠርልኝ ውለታ።

ጳጉሜን ሳትጠባ፣ ዓባይ በረሃ ወርዶ
ሸፈተ ሲሉ ሰማሁ። የኔም ጉልበት ርዶ፣
መዝገቡን በጉያዬ፣ ሸጉጬ ተከተልሁት፤
ቀለህ ስንሞላ ማታ፣ ለውታፍ ቀደድሁት።

ዋሻ ውስጥ፣ ወንጌል ላይ፣ ቀኙን ጭኖ ማለ።
«ሁለት ቃል ያለው ሰው» ብሎ ያጉረመረመ አለ፤
እሱ መልስ አልሰጠም።
በኅዳር አጋማሽ፣ ከመሻገሪያው አፋፍ፣
ፈነዳበት ምንሽሩ፣
እኔ በሞላሁት ቀለህ፣ በዚያው ወረቀት ውታፍ።

ጣሊያን ሄደ። ያው ሾላ። ያው ጠረጴዛ፣ እኔው።
አዲስ ሹም «ማሉ» ቢል፣ ሰልፉን የቀደመው
ትናንት ከምሽጉ፣ ሲተኩስብን የከረመው።

አንሙት ቀኙን ዘረጋ፤ አራት ጣት።
ሹሙ፦ «ግራውን አምጣ!»
አንሙት እኔን አየኝ።
«ግራው ዋሽቶ ያውቃል» አለና፣ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ።

ስሙን ጽፌዋለሁ። አጠገቡ ግን ነጭ ነው፤
ቀለም አልነካሁትም።