ቀለለ

በቭሮትስዋፍ ከተማ፣ በጥር ውርጭ ማለዳ፣
ጎረቤቴ ቦጉሚዋ፣ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣
ታቅፋ ወጣች ሳጥን፤ ሳጥኑ ውስጥ ቀዳዳ።

ሁለት ሺህ ካርድ ነው፣ አምስት ኪሎ ሊሞላ፤
የሦስት ወር ድካም፣ አንድም ቃል የሌለው፣ ቁጥር ብቻ የበላ።

ያኔ ለዚያ ማሽን «ደምር» አይባልም፤
ቁምሳጥን ያክላል፣ ጆሮ ግን የለውም።
አድራሻ ነው ቋንቋው፦ «ከሠላሳ ሰባት አንሣ፣
አርባ አንድ ላይ ጨምር፣ እዚያው ተው፣ አትርሳ።»
እሱም በቁጥር ነው፤ ቁጥሩም በቀዳዳ፤
አንዲት ነጥብ ስትስት፣
ከሰል የጫነ ባቡር፣ በወረቀት ላይ፣ ወደ ባሕር ሲነዳ።

የትራም ደረጃ ላይ በረዶ ነበረ።
እግሯ ተንሸራቶ፣ ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ካርዱ ተዘረረ።
ተሳፋሪው ወርዶ፣ ሾፌሩም ጨምሮ፣
ለቀሙላት ሁሉን፤ ተራውን ማን ያውቃል? የቱ ነው ጅማሮ?
አንድ ሽማግሌ ካርዷን ብርሃን ላይ ዘርግቶ አየና፣
«እመቤት፣ ይሄንን ብል በልቶብሻል» አላት በትሕትና።

ያን ሌሊት ወለል ላይ፣ በጉልበቷ እየሄደች፣
ከአንድ እስከ ሁለት ሺህ መልሳ ደረደረች።
ከዚያ ወዲያ በጎኑ፣ በቀይ እርሳስ፣ ሰያፍ መስመር ታሰምራለች፤
ዳግም ቢበተን እንኳ፣ መስመሩ ሲሰበር ዐይኗ ታገኛለች።

ዘመን ሄደ። ቃል መጣ። «ደምር» ሲሉት ደመረ፤
«ካልሆነ ግን» ሲሉት፣ ቆም ብሎ መረመረ።
ያን ቀን ቦጉሚዋ፣ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ቆይታ ጠበቀችው፤
አፉን እንደ ፈታ ልጅ፣ የብረቱን ጎን ዳሰሰችው።

ዛሬ ካሊና የልጅ ልጇ፣ የከሰሉን ታሪክ ሰምታ፣
ካልሲዋ ባንድ እግሯ፣ ላፕቶፑ ጭኗ ላይ፣ ግማሽ ፖም ሳህን ላይ ትታ፣
ጻፈች። ስድስት መስመር።
መልሱ ወጣ፤ ያው ነው። ያ የሦስት ወር ቁጥር።

ፖሙ ገና አልጠቆረም።

ዝም አልን። እኔማ አሮጊቷን አየሁ፣
ትከፋ ይሆን ብዬ፣ ሻይ ለመቅዳት ቸኮልሁ።

«ቀለለ!» አለች ልጅቱ። አያት ግን ተነሣች፣
ከመሳቢያ ውስጥ አንዲት የወየበች ካርድ አወጣች፤
ጀርባዋ የገበያ ዝርዝር፦ ድንች፣ ሳሙና፣ ክብሪት፤
ያ ሁሉ ሌሊቷ ሲያረጅ የወጥ ቤት ማስታወሻ ሆነላት።
በመስኮቱ ብርሃን ዘረጋቻት ለልጅ፤
ፀሐይ በቀዳዳው ወርዶ ነጠብጣብ ሆነ፣ በዚያች ትንሽ እጅ።

«ቀልሏል፤ እሰየው! በረዶ ላይ ወድቆ ማን ይልቀም ዳግመኛ?
ችግር ማዕረግ አይደል፤ ይተኛ እንጂ የሚተኛ።
የቀለለ ሁሉ ግን ቀላል አይምሰልሽ፤ ያቺ ‹ደምር› ያልሻት ቃል፣
ሥሯ ቢቆፈር ሰው አለ፣ በጉልበቱ ሆኖ ካርድ ይደረድራል።
አንቺ ቃል ታዣለሽ፤ ቃልሽ ሌላውን ቃል፤ እያለ ይወርዳል፤
እታች ግን ዛሬም ያው፦ ቀዳዳ ወይ ድፍን። እዚያው ያከትማል።»

ካሊና ካርዷን በዐይኗ ላይ አድርጋ ድመቷን አየቻት።
«ይቺኛዋ ቀዳዳ ምን ትላለች?» አለቻት።

አያት መነጽሯን ፈለገች፤ ጣቷን አስኬደች፤
ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ቆየች።
«ረሳሁት» ብላ ሳቀች፤
ፖሙን ከሳህን አንሥታ፣ ባልተነካው በኩል፣ በቀራት ጥርስ ገመጠች።