የትርንጎ ችካል

ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ሬዲዮ ይሰማል በዳሳ ጥበቃ።
«መድፍ አስጠጉ» ይላል፤ «ሌት ተኮሱ» ይላል፤
«የዓለም መንግሥታትን አሳስቧቸዋል።»

አሥር አለቃ ነበር፤ ባትሪውን አበራ፣
ወደ ትርንጎ አጥር፣ ወደ ችካሉ ተራ።

ችካሉ ይሄዳል፣ እግር ባያበቅልም፤
ጎረቤቷ ሻረው በቀን አይነቅለውም፤
ሌት ነው፣ በስንዝር ነው። ነቅታ የጮኸች ለት፣
ድንጋይ ያዘንባል ከቆርቆሮው አናት።

እድርተኛው መጣ፤ ወንበር ተደርድሮ፣
«ሁለታችሁም ተዉ» አለና ተማክሮ፣
ጠላውን ጠጥቶ ሄደ።
ችካሉም ተራመደ።

አንድ ጎረምሳ ደግሞ ዱላ ይዞ መጣ፤
የሻረውን ውሻ ገድሎ ከሰፈር ወጣ።
ቂሙ ለትርንጎ ቀረ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኩት።
ከኪሱ ሲባጎ መዘዘ፣
ከግድግዳዋ እስከ ችካሉ የዱሮውን ልክ የያዘ።
«ትናንት እኔ ለካሁ፤ ዛሬ አንተ ትለካለህ፤
ነገ የፊት ለፊቱ ቤት።
ድንጋይ አትወርውር። ‹ሁለታችሁም› አትበል።
ሲመሽ መብራት ይዘህ ከእሷ ወገን ቁም፤
የነቀለውን በስሙ ጥራው።»

ሬዲዮው አሁንም አሳስቦታል።
ጫፉን ይዤ እስከ ችካሉ ሄድኩ።
ከሲባጎው
አንድ ስንዝር ተረፈ።