አንድ ሰከንድ ተኩል

ኮዬ ፈጬ፣ ከሰዓት ፈረቃ፤
ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ዝናብ ሲያንኳኳው ድምፄ የማይበቃ።
ሰማንያ ልጆች፣ ሃያ አምስት ዴስክ፣ የተሰነጠቀ ሰሌዳ፣
ከመስኮቱ ማዶ የሚያድጉ ብሎኮች፣ ገና ያልተለሰነ ግድግዳ።

«ኃይል» የሚለውን ቃል ሳስተምር ሰነበትኩ፤
ቢያንቀላፉብኝ አንድ ቀን እንዲህ ብዬ አዘዝኩ፦
«የራሳችሁን ጀግና ፍጠሩ፣ ሥዕሉን ከነጉልበቱ አምጡ፤
እኔ በቀይ እስክሪብቶ እመዝነዋለሁ፣ እንዳትቆጡ።»

መጡ።
የማይታይ መጣ፣ በነጠብጣብ መስመር የተሣለ፣
ባንክ ገብቶ የሚወጣ፣ ከዘበኛው ጎን የዋለ።
ጻፍኩበት፦ «ብርሃን ሳይነካው ካለፈ
ዓይኑንም አልፎታል፤ ምኑ ላይ አረፈ?
የሚያይ ሰው ጥቂት ጨረር ማስቀረት አለበት፤
ጨርሶ ላልታየ የባንኩም በር ጠፋበት።»

ሯጭ መጣ፣ በነጠላ ጫማ፣ ከመብረቅ የፈጠነ፤
«የዚህ እሳት ማገዶ ስንት ኩንታል ጤፍ ሆነ?
አየሩስ ዝም ይለዋል? ፊቱ ላይ ተጨናንቆ
ፍም ያደርገዋል እንጂ፣ ቃሊቲ ሳይደርስ ሸሚዙ አልቆ።»

በራሪም መጣ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፤
«ምን ገፍቶ ነው?» አልኩት፣ «ምን ወደ ታች ትቶ?
ወፍ እንኳ ስትነሣ አየሩን ረግጣ ነው፤
ያንተ ጀግና ሽቅብ ጉልበቱን ከማን ተበደረው?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ደስ የሚል ሳምንት ነበረ።
የብልሌ ደብተር ግን ከሁሉ ሥር አደረ።
ደርሼ ስገልጠው፦
ባለ አራት ፎቅ ብሎክ፣ የባሕር ዛፍ መወጣጫ፣
አየር ላይ የተንጠለጠለ ሰው፣ ቆቡ ቢጫ፤
ከሥሩ ሰፊ ጀግና፣ ጉልበቱን አደላድሎ፣
የብረት ክንዶቹን ዘርግቷል፣ «መጣሁልህ» ብሎ።

ቀዩን አነሣሁ፣ እጄ ለምዶ፦
«የብረት ክንድ ከመሬት በምን ይለያል?
ሰውየው ሁለቱም ላይ ያው እኩል ይሰበራል።
የሚገድል መውደቅ አይደለም፣ በድንገት መቆም ነው።
ከዐሥር አምስት ነው ያገኘሽው።»

ዘርትሁን፣ የፅዳት ሠራተኛዋ፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ
«አላወቅህም?» አለችኝ። «አባቷ፣ ግንበኛው ቱፋ…
ብሎክ አርባ አንድ፣ ባለፈው ኅዳር መባቻ፤
አሸዋው በዋዜማው ተነሥቶ፣ ከሥር የደረቀ መረሬ ብቻ።»

አንድ ሰከንድ ተኩል።
ዐሥራ ሁለት ሜትር ሲወድቁ ይህን ያህል ነው የሚወስደው፤
ሳላስበው በቃሌ ሠራሁት። ይኸው ነው እኔ የማውቀው።

በማግስቱ ጠራኋት። ይቅርታ ማለት አቃተኝ፤
ጠመኔ አነሣሁ። ሌላ ቋንቋ የለኝ።
«ጀግናሽ ከታች አይጠብቅ» አልኳት፤ «ከላይ ይዝለል፣
ከዚያው ከአራተኛው፣ ጎን ለጎን፣ እኩል ለእኩል።
አብሮት እየወደቀ ይያዘው፤ ያኔ አያመውም፤
በአንድ ፍጥነት የሚወድቁ ሰዎች አይመታቱም።
ሁለት ፎቅ አብሮት ይውደቅ፤ ሁለቱን ፎቅ ቀስ በቀስ ይግታው።»
«ከዚያስ?»
«እስኪያርፍ ድረስ ክብደቱ እጥፍ ይሆንበታል፤
ራሱን የሚያህል ሌላ ሰው እንዳዘለ ያህል።»

አሰበች።
«አባዬ ሲሚንቶ ሁለት ከረጢት ባንዴ ይሸከማል» አለች፤
«ይችለዋል።»
ይችለው ነበር አላለችም።

ላጲስ አወጣች። የብረቱን ክንድ ፋቀች፤
ላይ፣ ከቢጫው ቆብ ጎን፣ ቀጭን ሰው አስጠጋች፣
ዓይኑ የፈጠጠ፣ አፉ የተከፈተ።
«ጀግና ይፈራል እንዴ?» ብላት፣ ቀና ሳትል፦
«እሱም እየወደቀ አይደል?»

ነጥብ አልሰጠሁም።
ማታ ወደ ቤቴ ወጣሁ፤ እኔም አራተኛ ፎቅ ነኝ፤
መብራት የለም፣ የሃያ ሊትሩ ጀሪካን ጎኔን እየወጋኝ
ደረጃውን ቆጠርኩ፦ ሰባ ሁለት።
ስድስት ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ከነዕረፍቱ።

በረንዳ ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁ።
አንድ ሰው በባትሪ ብርሃን አሸዋ ይዝቃል ከማዶ፤
ከመወጣጫው ሥር ሊያፈሰው ይሁን፣ ወይ ወዲያ ወስዶ፣
አልለየሁም።