ማስታወሻ ቁጥር አሥራ አራት

የካቲት ነው፤ ሐይቁ ከዳር ዳር ረግቷል፣
የሞላ የጭነት መኪና በላዩ ይነዳል።
እኔም በኪሴ ይዤ የስድስት ወር ላቤን፣
አክሲዮን ልገዛበት አሳምኜው ልቤን፣
ሪፖርቱን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ሄድኩላት።
“የቀይ ቀበሮ ሐይቅ ወርቅ” ይላል ሽፋኑ፤
ፕሬዚዳንቱ ቆሟል፣ የወርቅ ጡብ ታቅፎ ልክ እንደ ሕፃኑ።

ወይዘሮ ሂልካ ግን ሽፋኑን አላየች።
የእንጨት መሰንጠቂያውን መዝገብ ሠላሳ ዓመት የያዘች፣
የአርቮ ባልቴት፣
መነጽሯን ወልውላ ከኋላ ጀመረች።

“ኤርኪ፣” አለችኝ፣ “ሥዕሉ የተነሳው ለዓይን፤
ሰው ከኋላ ይጽፋል የሚያፍርበትን።”

እርሳሷን ቀረጸች፤ በዳቦ መጠቅለያ ላይ ጫረች፦
“ከሃያ አራት ሚሊዮን፣ ከወርቁ ሽያጭ፣
ናፍጣ፣ ደሞዝ፣ ድማሚት ሃያ አንዱን ጎረሱ።
ሦስት ተረፈ፤
አንተን ምራቅ ያስዋጠህ እሱ ነው፣ ራሱ።
ብድሩስ?
ሃያ ሚሊዮን ነው፣ ከመቶ አሥራ ሁለት፤
ሁለት ሚሊዮን ከአራት መቶ ሺህ ይወልዳል በዓመት።
እርግዝና የለው፣ ምጥ የለው ይኼ ወላድ፤
አንተ ስታንኮራፋ ይገላገላል፤ ለዚህ ነው ስሙ ወለድ።
እነሱ ግን ስንት አሉ? ከፊት አንብበው እስቲ።”

“ስድስት መቶ ሺህ።”

“ሌላውስ? በየካቲት እንደ በረዶ ቀለጠ?
አንድ ሚሊዮን ከስምንት መቶ ሺህ በየት በኩል አመለጠ?”

አላውቅም።
ገጹን በአውራ ጣቷ ገፋች፤ ማስታወሻ ቁጥር አሥራ አራት፣
ከጉንዳን ራስ ያነሱ ፊደላት፦
“ለአዲሱ ጉድጓድ በተወሰደ ብድር ላይ የተከፈለ ወለድ
በጉድጓዱ ዋጋ ላይ ተደምሮ ተይዟል።”

“ሕግ ይፈቅድላቸዋል፤ ሌቦች አትበላቸው።
ወጪውን ንብረት ብለው ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት፤ ይኼ ነው ብልሃታቸው።
የጥሬ ገንዘቡን ገጽ ግን ግለጥ፤ እሱ ይሉኝታ የለውም፤
የወጣ ገንዘብ ወጥቷል፤ የተቀበረ ሁሉ አልሞተም።

አሁን ወርቅ ከአሥር አንድ እጅ ይውደቅ እንበል፤ ቁጠር።”

ቆጠርኩ።
ከሦስቱ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ቀረኝ፤
ደግሜ ቆጠርኩ፣ እርሳሱ ላበኝ።
ወለዱ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤
ወርቅ ይወድቃል፣ ይነሳል፤
ወለድ ጉልበት የለው፣ መንበርከክ አያውቅም።

ዝም አለች። በመስኮቱ በኩል፣ ከጥዶቹ ወዲያ፣
የድሮው ጉድጓድ ማማ ቆሟል፣ ዝገት የበላው።
“አርቮ የመጨረሻው ሰው ነበር፣” አለች። “ቁፋሮው ቆሞ፣
ሰዉ ተበትኖ፣ ፓምፑን ብቻ ሲጠብቅ ሰነበተ።
ውሃ እሑድን አያውቅም፤
ሠራህ አልሠራህ፣ ከድንጋይ ወገብ ይመነጫል፤
ፓምፑ ካላወጣው፣ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤
ዘጠነኛውን ዋጠ፣ ከዚያ ስምንተኛውን፣
አርቮ በገዛ እጁ ካጠፋ በኋላ ማብሪያውን።
ቤት ሲመጣ ጓንቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።
ወርቁ መቼ አለቀ? ዛሬም አለ፣ ከውሃው ሥር፤
ያለቀው፣ ለፓምፑ የሚከፈል ነበር።”

“ታዲያ ልግዛ? ልተወው?”

የአጃውን ዳቦ ቆረሰች፣ የታጠነውን ዓሣ ገፋ አደረገችልኝ።
“እኔ የተማርኩት ሂሳብ እንጂ ጥንቆላ አይደለም።
ደውልላቸው። ብድሩ የሚመለሰው መቼ ነው በል።
ጉድጓዱ ያኔ ያልቃል ወይ በል።
ከመመለሳቸው በፊት ስንት ሰከንድ ዝም እንዳሉም
ቁጠር።”

መሸት ሲል ወጣሁ፤ ሐይቁን አቋርጬ በእግሬ።
መሃል ላይ በረዶው ከታች አቃሰተ፤
ቆምኩ፤ እጄ ሳላዘው ኪሴን ዳሰሰ።
ከሥር ውሃው፣ ክንድ ከስንዝር ዝቅ ብሎ፣
ሥራ ላይ ነበር።
ቀኑም እሑድ ነበር።