ኮምቦልቻ ይሞቃል?

ሁለት ቀን ነው ያለኝ፤ ቅዳሜና እሑድ፣
ሁለት ቤት ነው ያለኝ፤ ባንድ ጠመዝማዛ መንገድ።
ደሴ ላይ እህቴ፣ ኮምቦልቻ ወንድሜ፣
መሐል ላይ ሐረጎ፣ መሐል ላይ እኔና ድካሜ።

ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ ባንድ የሻይ ወሬ ያልቃል፤
የአባታችን ቤት ከተሸጠ ግን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ርቋል።

ጣርማበርን በብርድ፣ ሸዋሮቢትን በላብ አልፌ፣
ከሚሴን ሳላያት፣ ጭንቅላቴን መስኮት ላይ አስደግፌ፣
ኮምቦልቻ ስደርስ ነቃሁ። ረዳቱ ይጮሃል።
ከአስፋልቱ ማዶ፣ ይመር የሚሠራበት ጋራዥ ይታያል።
ዓይኔ ወረደ፤ እግሬ ግን አልወረደም፤
ታላቅ ትቀድማለች፤ ጦይባን ሳላይ ይመርን አላይም።

አውቶቡሱ እያቃሰተ ሐረጎን ይወጣል፤ ጆሮዬ ይደፈናል፤
በየኩርባው፣ በየሰው ላይ፣ አንድ ልብስ ይጨመራል።
ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ ከፌስታል ሻርፕ ያወጣሉ፤
"ደሴ ናት እንግዲህ፤ አትቀልድም" ይላሉ።

የጦይባ ቤት ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ ነው፤ ጦሳ ትንፋሹን የሚለቅበት፣
ጉሙ ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ሶፋው ላይ የሚቀመጥበት።
ልጆቿ ተንጠለጠሉብኝ። ባሏ እንድሪስ የሸዋሮቢቱን ሐብሐብ
እንደ ሐኪም በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ ጆሮውን ጥሎ ሲያዳምጥ ቆየና
"ደህና ነው" አለ። ሳቅን።
ስለ ሁሉ ተወራ፤ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣
ስለ አንድ የጠፋ በግና ስለ ተገኘበት ቦታ።
የይመር ስም ግን ከማንም አፍ አልወጣ።

ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣
"ኮምቦልቻ ይሞቃል?" አለችኝ።
"ይሞቃል።"
"በጣም?"
"እንደ ወትሮው ነው። በመስኮት ነው ያየሁት።"
አንዱን ሳህን ሁለቴ አጠበችው።
"ሌሊት ሌሊት ግን ይበርዳል አሉ፤
ወንዙ ዳር ለተከራየ ሰው።"

ይመር ቦርከና ዳር መግባቱን
እኔ አልነገርኳትም።

እሑድ ጧት ከቁም ሳጥን ጥቁር ሹራብ አወጣች፤
"በእጄ የሠራሁት ነው፤ አዲስ አበባም ይበርዳል፤ ላንቺ ነው" አለች።
ለበስኩት። እጅጌው ከጣቴ አልፎ ተንጠለጠለ፤
ትከሻው የሌላ ሰው ትከሻ የሚጠብቅ መሰለ።
"ሰፋኝ እኮ።"
"ሲታጠብ ይጠብባል" አለች፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል፤
"ካልሆነሽም እንግዲህ … መንገድ ላይ የበረደው ሰው አይጠፋም።"

ሐረጎን ስንወርድ በየኩርባው ልብስ ይወልቃል፤
ሹራቡን እንደ ሕፃን አቅፌ፣ ደረቴን ያልበኛል።

ጋራዡ ዝግ ነው፤ ይመር ግን አለ፤
ካንድ አይሱዙ ሥር እግሩ ብቻ ይታያል።
"ማነው?"
"እኔ ነኝ።"
ወጣ። እጁ ግራሶ ስለሆነ በክርኑ አቀፈኝ።
ለስላሳ አስመጣ። ስለ ናፍጣ ሰልፍ፣ ስለ መለዋወጫ ዋጋ አወራኝ፤
ከዚያ አንድ ቡሎን በጨርቅ እየወለወለ፣ ቀና ሳይል፣
"ደሴ ጉም ነው?" አለኝ።

ሳቄን ከለስላሳው ጋር ዋጥኩት።
"ጉም ነው።"
"በጣም?"
"ሶፋ ላይ ይቀመጣል።"
"ያ የተሰነጠቀው መስታወት ነው የሚያስገባው" አለ፤
"እፍኝ ስቱኮ ነበር የሚበቃው። እፍኝ ስቱኮ።"

ሹራቡን ሰጠሁት። ማን ላከው አላለም፤ ማን ሰጠኝ አላልኩም።
ጸሐይዋ ቆርቆሮውን ታንጣጣለች። ለበሰው።
እጅጌው የእጁ ልክ፤ ትከሻው የትከሻው።
ላብ በግንባሩ ሲወርድ፣ "አይሞቅህም?" ብለው፣
"ኧረ እንዲያውም በርዶኝ ነበር" አለ፣ አንገቱን ወደ ላይ እየሳበው።

ሰኞ ቢሮ ሳለሁ ጦይባ ደወለች።
"ደህና ገባሽ? ሹራቡስ፣ ጠበበልሽ?"
"ልኩ ሆነ" አልኳት።
ዝም አለች። ስልኩ ውስጥ የአንድ ልጅ ሳል፣ የባጃጅ ጥሩምባ።
"ጉሙ ዛሬ ቶሎ ተገፈፈ" አለች፤
"በዚያ በተሰነጠቀው መስኮት፣ መንገዱ ቁልቁል ድረስ ይታያል።"
"ይሞቃል?" አልኳት።
"ገና ነው" አለች። ቆየት ብላ፦ "ይሞቃል።"