በላንቃው ውስጥ ያለ መስታወት

ዝናብ ነው ኩስኮ ላይ፤ የሳን ብላስ ዳገት
ጎርፍ ይጋልብበታል ከማለዳ እስከ ሌት።
አክስቴ ሳቱርኒና አምፖሏን ዝቅ አርጋ
ሕፃናት ትጠግናለች፣ እስኪመሽ፣ እስኪነጋ።
እኔም ከምድጃው ዳር ሙጫ አማስላለሁ፤
የወለቁ ጣቶች በኩባያ እቆጥራለሁ።

በዓሉ ሲቃረብ በፌስታል ታዝሎ፣
ጆሮው በአይጥ ተበልቶ፣ ጉንጩ በእርጥበት ቆስሎ፣
አዳኙ ይመጣል «አድኑኝ» ብሎ።

ፀጉሩ የሰው ፀጉር ነው፤ የሰጠችው በስእለት
የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ ታይፎይድ የማራት።
ጥርሱ የላባ ዘንግ ነው፣ በምላጭ የተሳለ፤
በላንቃው ጣሪያ ላይ መስታወት አለ፣
የጣት ጥፍር ቢያህል ነው። «ለምን?» ብዬ ብላት
«ምራቅ እንዲመስል» አለች፣ «ሲያገኘው መብራት።
ቄሱ ‹ቃል ሥጋ ሆነ› ብሎ ያስተምራል፤
የእኛ እጅ አምላኩን ሲያምን ምራቁን ይፈልጋል።»

በግራ ተረከዙ እሾህ ተሰክቷል፤
አፉም ከዚያ ወዲህ ለልቅሶ ተከፍቷል።

ማክሰኞ ሲመሽ ነው ፎርቱናቶ የመጣው፣
የባቡር ጡረተኛ፣ ኮፍያው ዝናብ የጠጣው።
ከካፖርቱ ጉያ ሕፃኑን አወጣው።
«የዶሚንጋ ነበር» አለ፣ «የነፍስ ኄር ሚስቴ፤
ዐርባ ዓመት አሳደገችው፣ ሳያድግ፣ በቤቴ።
ጣቱን አትንኪብኝ፣ አፍንጫውን ተዪ፤
እሾሁን ብቻ ነው፣ እሱን ንቀዪ።
ስኳር ነበረባት። ቁስሉ ከጣት ጀምሮ
ሁለት ዓመት በላት፣ ጉልበቷ ድረስ ሰርስሮ።
በቃኝ። ከእንግዲህ ወዲህ በእኔ ቤት ጣራ ሥር
እግሩን የሚታመም አንድ ሰው አይኑር።
ደግሞስ አምላክ ሆኖ፣ ምድርን ያቆመ፣
ምን ቢጎድልበት ነው እግሩን የታመመ?»

አክስቴ መልስ የላትም። ጉጠቷን አነሣች፣
እንደ ጥርስ ሐኪም ዓይኗን አጨነቆረች፣
ሳበች። ወጣ፤ ደረቅ፣ ከክብሪት የቀለለ።
ሕፃኑ ግን ያለቅሳል፣ እንደነበር እንዳለ።
«ምን ሆንክ ደግሞ አሁን?» ሽማግሌው ጠየቀው፣
እንደ ሰው። ጎንበስ አለ፤ አምፖሉን አስጠጋው፤
በተከፈተው አፍ፣ ከዚያች ቅንጣት መስታወት
የገዛ ራሱን ዓይን አገኘው፣ ርሶበት።

ብዙ ቆየ።
ሙጫዬ አረረ።

«ስንት ነው?»
«ለማውጣት ዐሥር ሶል።
መመለስ ካሰኘህ በነፃ ይሆናል።»

ከፈለ። ቀዳዳውን በጀሶ ልትደፍን ስትል
«ተዪው» አለ፣ «ይታይ።» ሌላ ምንም አላለም።
ሕፃኑን በብብቱ፣ እሾሁን በሱሪ ኪሱ
ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ።
ከደጃፉ ቆሜ በዓይኔ ሸኘሁት፦
ሲመጣ ቀጥ ብሎ ነበር የተራመደው፣
ሲሄድ በግራ እግሩ ያነክሳል።

«በሩን ዝጊው» አለች አክስቴ፣
«ብርድ ገባ።
ልጆቹ ራቁታቸውን ናቸው።»