የመንጋጋ ቃለ ጉባኤ

«ትራሙ ነው ብዬ፣ ሐዲድ የሚያፋጨው፣
መታጠፊያው ጋ ነው፣ እሱ ነው የሚጮኸው፣
ብዬ ስንት ሌሊት ጆሮዬን ደፈንኩኝ፤
ለካ አንተ ነህ» አለች ስንዱ፣ «ዛሬ ነቃሁኝ።
ትራም የለም እኮ ከሰባት ሰዓት ወዲያ፤
አፍህ ነው እንግዲህ የጩኸቱ ማደሪያ።»

ባዝል፤ የካቲት ነው፤ ራይን ወንዝ ጉም ለብሷል፤
ዶክተር ረጉላ ዘንድ ወረፋዬ ደርሷል።
«ንከስ» አለች፤ ነከስኩ። «ልቀቅ» አለች፤ ቆየ፤
ከጆሮዬ ሥር ቀጭ ብሎ፣ አመንትቶ ተለየ።
መስታወት ሰጠችኝ፤ የጥርሴ ጫፍ ተበልቷል፣
ክራንቻዬ እንደ አሮጌ ሳንቲም መልኩ ጠፍቷል።
እህል ሳይገባበት የሚዞር ወፍጮ ነኝ፤
መጁና ድንጋዩ እርስ በርስ የሚፈጩኝ።
«የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ፤
«ምንም» አልኩ፤ ጥርሴም ሳቀላት፤ ባዳ ነው፣ መቼ ጠየቀኝ!

ሥራዬ አፍ ማከራየት ነው፦ አስተርጓሚ ነኝ፣
በቀን ሁለት ሦስት ሰው «እኔ» የሚልብኝ።
«እኔ ታሰርኩ» እላለሁ በጀርመንኛ፣ ያልታሰርኩት፤
«እናቴ ሞተች» እላለሁ፣ ትናንት በስልክ ያወራኋት።
መጨመር አይፈቀድ፣ መቀነስ አይፈቀድ፤
የአስተርጓሚ እንባ ቃል ያበላሻል ቢወርድ።
ሰው «ሆድ ይፍጀው» ይላል፤ የኔ ሆድ ስለሞላበት
መንጋጋዬ ተረከበ፣ ይፈጨዋል ሌሊት ሌሊት።

ሮዝ ሊጥ በብረት ትሪ አፌ ውስጥ ከተተች፤
«ሦስት ደቂቃ ምንም እንዳትናገር» አለች።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ያላለኝን!
ዓይኔን ጨፈንኩና ሰማሁ ዝምታዬን።

ሦስት።
ቁጥሯ ናት የነካችኝ።

ምንይችል ይባላል፤ ስሙ ራሱ ጥያቄ፤
እጁን ጭኑ ሥር ደብቆ ያወራል በጥንቃቄ።
«ማታ በሦስት ሰዓት ወሰዱን» አለ፤ እኔም አልኩ፦
«ሌሊት ሦስት ሰዓት።» ቃሉን እንዳለ አቀበልኩ።
ቀኑ ረዝሟል፤ አምስተኛው ሰው ነው፤ ደክሞኛል፤
የኛ ሦስት የነሱ ዘጠኝ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል።
ጸሐፊዋ መታችው፤ ቁልፉ ጠቅ ጠቅ አለ፤
በፊተኛው ወረቀት ላይ ዘጠኝ ነበር፤ ተቃርኖ ተባለ።
ምንይችል ገጽ በገጽ ፈረመ፤ ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ።
ኮሪደሩ ላይ ነው የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ትዝ ያለኝ።
ተመልሼ በሩን አላንኳኳሁም።

በሁለተኛው ሳምንት መጣልኝ በትንሽ ሰማያዊ ሣጥን፣
የያንዳንዱን ጥርሴን ጎድጓዳ የሚያውቅ፣ የጠራ፣ ጠጣር፣ ቀጭን።
ለማንም አይሆንም፤ ሌላ አፍ አይገባም፤
እኔ ግን ስንት አፍ ሆንኩ፣ አንዱም አልጠበበኝም።
የመጀመሪያው ሌሊት ምራቄ ሞላ፣ ቃሌ ተኮላተፈ፤
«ደኅና እደሪ» ያልኩት «ደፍና እደፊ» ሆኖ አለፈ።
ስንዱ ሳቀች። ተኛን።
ትራሙም ገባ። ጸጥ።

ስድስት ወር። ዶክተር ረጉላ ወደ መስኮቱ አነሳችው፤
ጭረቱን በጥፍሯ እየተከተለች አነበበችው።
«በግራ በኩል ነው፣ እዚህ፤ ሁሌ አንድ ቦታ ትነክሳለህ፤
ጥርስህ ተርፏል» አለች፤ «ይኼ ግን ሊበሳ ነው፤ ምን ታኝካለህ?»

ለካ ቃለ ጉባኤ ነው፣ የተያዘ ያለ አስተርጓሚ፤
ከሳሽም እኔ፣ መስካሪም እኔ፣ ከግርጌም እኔ ፈራሚ።

ዛሬ ማለዳ አወጣሁት፤ በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኩት፤
መንጋጋዬን በአውራ ጣቴ እንዳሳየችኝ አሸሁት።
ስልኩን አነሳሁና መዝገብ ክፍሉን ጠየቅኩ።
«የማን ጉዳይ ነው?» አሉኝ። «የሌላ ሰው» ልል ነበር፤ ተውኩ።
«የማርመው ቁጥር አለ።» «ስንት?» አለ ሰውየው።
መንጋጋዬ ቀጭ አለ። ዘገየ። ለቀቀው።

ዘጠኝ።